ወራሽ ያጣ ጥላ

በመቄትና በላስታ ደጋ «መናፈሻ» የሚባለው የከተማ ሥራ ከመታወቁ አስቀድሞ፣ ለሕዝብ ጥላ ሆኖ የኖረው የደብር ቅጥር ግቢ ነው። ከፍላቂት ተነሥቶ በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ የሚያቀና መንገደኛ በተራቆተው ተራራ ላይ ጽድና ወይራ ተሰብስቦ ሲያይ፣ በመካከሉ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። የይምርሐነ ክርስቶስን ዋሻ የከበበው ጥንታዊ የጽድ ደን ለዚህ ጉልህ ምስክር ነው።

ይሁንና ዛፍ ስለ ገዘፈ ደን ጤነኛ ነው አይባልም። ዛሬ በልብ ወለድ ድርሰቶቻቸው ይበልጥ የሚታወቁት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ለዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት ጥናት የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች መርምረው ነበር። ከታላላቆቹ ዛፎች ሥር የሚተካቸው ለጋ ችግኝ በብዙ ቦታ ጥቂት ሆኖ ተገኘ፤ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱም የከብት ግጦሽ ነበር። ደኑ ቆሞ እየታየ ወራሽ አጥቷል ማለት ነው።

የከተማ መናፈሻም የሚያረጀው በዚሁ መንገድ ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። በአንድ ዘመንና በአንድ ንድፍ የተተከለ ዛፍ አብሮ አድጎ አብሮ ይደርቃል። በከብት ፈንታ አፈሩን የሚረግጠውና የሚያጠጥረው የሰው እግር ነው፤ የወደቀውን ዘርም ጠራጊው ከቅጠሉ ጋር ያወጣዋል። ስለዚህ በአዲስ አበባ እንደ ብሔረ ጽጌና አምባሳደር ያሉ ነባር መናፈሻዎች ሲገመገሙ፣ የአጥሩ ቀለምና የወንበሩ ብዛት የመጀመሪያው ጥያቄ ሊሆን አይገባም። አስቀድሞ ሊቆጠር የሚገባው ዛፉ ነው፤ ይኸውም በግንዱ ውፍረት እየተለየ፣ ስንቱ አርጅቶ ስንቱ ለመተካት እንደ ደረሰ እስኪታወቅ ድረስ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የአንድነት፣ የሸገርና የእንጦጦ ፓርኮች ተከታትለው መከፈታቸው ደስ ያሰኛል፤ ሪባን የሚቆረጠው ግን ለአዲሱ ነው፤ ለአሮጌው የሚቀርለት መጋዝ እንዳይሆን ያሰጋል።

የኒውዮርኩ ሴንትራል ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ክፉኛ ተጎሳቁሎ ነበር። በ1980 የተቋቋመው የፓርኩ ጥበቃ ድርጅት የማደሻውን ዕቅድ ያወጣው ዛፉን፣ አፈሩን፣ የውሃ መውረጃውንና የጎብኚውን ልማድ ካስጠና በኋላ ነው።

በደቡብ ጎንደር መፍትሔው ከዚያም የቀለለ ሆነ። ከብት በማይገባበት ክልል ችግኝ የተሻለ እንደሚጸድቅ ጥናቱ አሳይቶ ስለ ነበር፣ ገበሬዎች ከእርሻቸው የለቀሙትን ድንጋይ ደርድረው ደኑን አጠሩት። የፍላቂት ማዘጋጃ ቤትም በነባር ዛፍ ግርጌ የበቀለውን ለማጠር ቢያስብ፣ ዋናው ወጪ የጉልበት ነው፤ ድንጋይ በመቄት አይቸግርም።