መሰርሰሪያ ወይስ ማሾሪያ? ስለ አንድ የእጅ መሣሪያ ስያሜ ታሪክ

የመሣሪያ ስም አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ምንጮች ከአንዱ ይቀዳል፤ ይኸውም ከሚሠራው ሥራ፣ ከሚያደርገው እንቅስቃሴ ወይም ከሠሪው ስም ነው። ምርጫው የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ስያሜው ገዥው የትኛውን መሣሪያ እንደሚመርጥና እንዴት እንደሚገለገልበት ጭምር ይወስናል። በትርፍ ጊዜያቸው እንጨት የሚቀርጹ፣ ጌጣጌጥ የሚሠሩና ትናንሽ ሞዴሎችን የሚገጣጥሙ ሰዎች የሚጠቀሙበት፣ በአንድ እጅ የሚያዘው ባለ ሞተር መሣሪያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

የመሣሪያው የዘር ሐረግ ረጅም ነው። በቀስት ገመድ እየተሳበ የሚሾር መሰርሰሪያ በጥንታዊት ግብጽ አናጺዎች ዘንድ የታወቀ እንደ ነበረ የመቃብር ሥዕሎች ያስረዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1790 ገደማ አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ጆን ግሪንውድ በእግር የሚረገጥ የፈትል መዘውር ለጥርስ መሰርሰሪያነት እንዳዋለ ይነገራል። በ1871 ጄምስ ሞሪሰን በእግር ለሚንቀሳቀስ፣ በ1875 ደግሞ ጆርጅ ግሪን በኤሌክትሪክ ለሚሠራ የጥርስ መሰርሰሪያ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኙ። በ1895 በጀርመን አገር በሽቱትጋርት ከተማ የፋይን ድርጅት በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ሠራ።

ከዚህ በኋላ ሁለት መንገዶች ተለይተው ይታያሉ። አንዱ ጉልበት የሚበዛበትና ዝግ ብሎ የሚዞረው የአናጺና የግንበኛ መሰርሰሪያ ነው። ሁለተኛው ጉልበቱ አነስተኛ፣ ፍጥነቱ ግን እጅግ ከፍተኛ የሆነው ቀጭን መሣሪያ ነው። አልበርት ድሬምል በ1932 በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት በራሲን ከተማ ያቋቋመው ድርጅት ይህንን ሁለተኛውን ዐይነት በሰፊው አስተዋወቀ። ከዚህም የተነሣ ብዙ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የማንኛውንም ፋብሪካ ተመሳሳይ መሣሪያ «ድሬምል» ብለው ይጠሩታል። ድርጅቱ በ1993 ወደ ቦሽ ቢዛወርም ስሙ አልተለወጠም።

በአማርኛ ይህንን ስም እንዳለ መውሰድ ይቻል ይሆን? የአገራችን ባለሙያዎች ካቻቢቴን፣ ፒንሳንና ሞርሳን ከጣሊያንኛ ወስደው አላምደዋል፤ ማንም እንግዳ አይላቸውም። እነዚህ ግን በምንጭ ቋንቋቸውም የወል ስሞች ናቸው። «ድሬምል» የአንድ ባለንብረት የንግድ ምልክት ስለሆነ የሌላ ፋብሪካ መመሪያ የሚተረጉም ሰው ሊጠቀምበት አይችልም።

«መሰርሰሪያ» የተባለ እንደሆነ ችግሩ የባሰ ነው። የተለመደው የቤት መሰርሰሪያ በደቂቃ እስከ 3,000 ዙር ገደማ ሲዞር፣ ይኸኛው ብዙ ጊዜ ከ5,000 እስከ 35,000 ዙር ይዞራል። በስሙ ተታሎ የገዛው ሰው ግድግዳ ሊበሳበት ቢሞክር ጉልበት ያንሰዋል። መመሪያውን ሲያነብም አደጋ አለ። በመቁረጫው ክብ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ዙር መሣሪያው ከሚዞርበት ፍጥነት ካነሰ ክቡ ተሰባብሮ ሊፈናጠር ይችላል። ስለሆነም ተርጓሚው «ፍጥነት» የሚለውን ለዙር ብዛት፣ «የማዞር ጉልበት» የሚለውን ለኀይሉ ለይቶ መጻፍ ይኖርበታል፤ ሁለቱን ማደባለቅ የአንባቢውን ዐይን ለጉዳት ማጋለጥ ነው።

እንግዲህ እንቅስቃሴውን መነሻ ማድረግ ይሻላል። «ተሽከርካሪ» እና «አሽከርካሪ» የሚሉትን ቃላት መኪናና ሾፌር ቀድመው ይዘዋቸዋል። ነገር ግን ባለእጆች እናቶቻችን ስለ እንዝርት ሲናገሩ የሚጠቀሙበት «ሾረ» የሚለው ግስ አለን፤ ባለበት ሆኖ በፍጥነት መዞርን ይገልጻል። ከአድራጊው «አሾረ» በ«አበራ፣ ማብሪያ» አምሳል «ማሾሪያ» የሚል የመሣሪያ ስም ይወጣል። ቅርጹ ከነገሩ ጋር ይስማማል። መሣሪያው ራሱ አይቆርጥም፣ አይሞርድም፤ የሚቆርጠውንና የሚሞርደውን ጫፍ ያሾራል።

ስለዚህ አካሉን «ባለ ሞተር የእጅ ማሾሪያ»፣ በአንገቱ የሚነከሱትን ጫፎች ደግሞ እንደየሥራቸው መሰርሰሪያ፣ መሞረጃ፣ መቅረጫ፣ መቁረጫና መወልወያ ብንል፣ የእንቅስቃሴውም የሥራውም ስም በየቦታው ይውላል። ግሪንውድ ከፈትል መዘውር የተዋሰውን እንቅስቃሴ እኛም ከእንዝርት ቃል ተውሰን መሰየማችን ከታሪኩም ጋር የሚጣጣም ነው። ሐሳቡን መመርመርና በሥራ ላይ መፈተን የተርጓሚዎች ድርሻ ይሆናል።