የመቅደላው ሽጉጥ

ልደታ ኮንዶሚኒየም ደረጃው ላይ ተቀምጠን ስንጫወት አንዱ ጓደኛችን፣ «የቴዎድሮስ ሽጉጥ ዛሬ ቢሸጥ ስንት ያወጣል?» አለና ወሬው ሁሉ ወደ ዋጋ ዞረ። እስቲ ወደ ታሪኩ እንመለስ።

ንግሥት ቪክቶሪያ ለቆንስሏ ለፕላውደን ስለተደረገለት ደግነት ምስጋናዋን የቀረጸችበትን ጥንድ ሽጉጥ ላከች፤ ካሜሮን በ1855 ዓ.ም. አስረከበ። ንጉሡም ያኔውኑ የወዳጅነት ደብዳቤ ጻፉላት። መልስ ግን የለም! ካሜሮን ታሰረ፤ የናፒየር ጦር ዘመተ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ እጄን አልሰጥም ብለው ሽጉጥ ጠጡ። ያው የቪክቶሪያ ስጦታ ነበር ይባላል።

ቅርስ ሰብሳቢው ጽሑፉን አይቶ ዋጋ ይቆርጣል። ጽሑፉ እኮ ሰጪዋን እንጂ የተተኮሰውን አይናገርም። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ሽጉጥ መላክ ያልከበዳቸው፣ አንዲት ደብዳቤ መመለስ ለምን ከበዳቸው?