መነጽር፣ ሙራያድ፣ ኤሲሎር

በኬንያዋ ሞያሌ የዓይን መስታወቱ ስም በተናጋሪው ይለያያል። በስዋሂሊ «ሚዋኒ» ነው። ሶማሌው «ሙራያድ» ይለዋል፤ «ኦኪያሌ» የሚልም አለ፤ ይህኛው ጣልያን ደቡብ ሶማሊያን ሲገዛ የተወው ቃል ነው፣ «ኦኪዮ» (ዓይን) ከሚለው የወጣ። አማርኛ ተናጋሪው ደግሞ «መነጽር» ይላል።

እኔን በጣም የሚያስደስተኝ የ«ሙራያድ» እና የ«መነጽር» ዝምድና ነው። ሙራያድ መስታወትንም መነጽርንም ይጠራል፤ ምንጩ ዐረብኛው «ሚርኣት» ነው። በዐረብኛ «ረኣ» አየ ማለት ነው፤ የግእዙ «ርእየ» ወንድም፣ «ራእይ» የተገኘበት ሥር። ፊቱ ላይ «ም» ሲገባ ማያ መሣሪያ ይሆናል። የእኛውም «ነጸረ» (ተመለከተ) «መ»ን ቀድሞ «መነጽር» ሆነ። ሶማሌው ቃሉን በውሰት ቢያገኘውም ሁለቱ ስሞች በአንድ መንገድ ተሠርተዋል። «ከዚህ አንጻር» ስንልም ያው የ«ነጸረ» ሥር አለ። ስለዚህ «መነጽር» በ«ፀ» መጻፉ ሥሩን ይደብቃልና በ«ጸ» ቢጻፍ እወዳለሁ።

«ሌንስ» ግን ከማየት አልመጣም። በላቲን ምስር ማለት ነው፤ ሁለቱም ጎኑ የተነፋው የመስታወት ቁራጭ ምስር ስለመሰለ ተሰየመበት። ዐረቡም «ዐደስ» ካለው ምስር «ዐደሳ» ብሎ ሌንስን ሰይሟል።

«ኤሲሎር» የሚለው የሌንስ ሠሪ ድርጅት ስምም የራሱ ታሪክ አለው። በ1849 (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ውስጥ የመነጽር ሠራተኞች የወንድማማች ማኅበር አቋቋሙ። የማኅበሩ ዘር በኋላ «ሶሲዬቴ ዴ ሉኔትዬ» ተባለ፣ የመነጽር ሠሪዎች ማኅበር። «ሉኔት» በፈረንሳይኛ ትንሽ ጨረቃ ነው፤ ክብ መስታወቱ ያስገኘው ስም። የሁለቱ ቃላት መነሻ ፊደላት «ኤስ» እና «ኤል» አብረው ሲነበቡ «ኤሴል» ሆኑ። በ1959 የኤሴል መሐንዲስ ቤርናር ሜትናዝ ቅርብና ሩቅን በአንድ ሌንስ፣ ያለ መካከለኛ መስመር የሚያሳየውን ቫሪሉክስን አወጣ፤ «ሉክስ» በላቲን ብርሃን ነው። ዕድሜው ሲገፋ ቅርቡን ማንበብ ለቸገረው ሰው ይህ ታላቅ እፎይታ ነበር።

በ1972 ኤሴል ከሌላው የሌንስ ድርጅት ከሲሎር ጋር ተዋሕዶ «ኤሲሎር» ሆነ፤ በ2018 ደግሞ ከጣልያኑ የመነጽር ኩባንያ ከሉክሶቲካ ጋር ተቀላቀለ። ዛሬ ስሙን የሚሰማ ሰው መነሻው የሠራተኞች ማኅበር እንደነበር መገመት አይችልም፤ ያ ታሪክ በሁለት ፊደላት ተጨምቆ ስለቀረ አዝናለሁ።