ጮርቃ ነርቭ፦ ለኒውሮብላስቶማ የሚሆን አማርኛ

«የነርቭ ፍንዳታ» የሚል ሐረግ በአንድ የጤና ትምህርት ወረቀት ላይ ታትሞ ሳይ ደሜ ፈላ። ወረቀቱ የሚናገረው ኒውሮብላስቶማ ስለሚባለው የሕፃናት ካንሰር ነበር። ተርጓሚው በስሙ መካከል ያለውን «ብላስት» እንግሊዞች ፍንዳታ ከሚሉበት ቃል ጋር አምታቶታል። ሁለቱ በድምፅ ከመመሳሰላቸው በቀር ዝምድና የላቸውም። ይህን ያነበበ ወላጅ ግን ልጁ ሆድ ውስጥ አንዳች የሚፈነዳ ነገር ያለ ይመስለዋል፤ አቅፎ ለማንሣትም ይፈራል። ሌሎች ደግሞ «ኒውሮ» ሲባል ሰምተው «የጭንቅላት ዕጢ» ይሉታል። በሽታው የሚነሣው ከጭንቅላት አይደለም። የተበላሸ ስም ከአፍ አፍ እየዞረ ሥር ሳይሰድ ደህና አማርኛ ልናወጣለት ይገባል።

በሽታውን በአጭሩ እናስታውስ። ፅንስ በማሕፀን ሳለ፣ ወደፊት ነርቭ የሚሆኑ ሕዋሳት ይፈጠሩና ቦታ ቦታቸውን ይዘው ይበስላሉ። የልብ ምትንና የደም ግፊትን እኛ ሳናዝዘው የሚቆጣጠረው የነርቭ መረብ የሚሠራው ከእነሱ ነው። ጥቂቶቹ ሳይበስሉ ቀርተው ያለ ልክ ሲባዙ ኒውሮብላስቶማ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከኩላሊት በላይ ከተቀመጠችው ከአድሬናል ዕጢ ነው፤ አለዚያም በአከርካሪ ግራና ቀኝ በሆድ፣ በደረት፣ በአንገት ወይም በዳሌ ውስጥ ይወጣል። አንድ ዓመት ባልሞላቸው ሕፃናት ላይ ከካንሰር ሁሉ ይበልጥ የሚታየው እሱ ነው። ከ10 ታማሚዎች 9ኙ 5 ዓመት ያልሞላቸው ናቸው።

ስሙን ያወጣው አሜሪካዊው ሐኪም ጄምስ ሆመር ራይት ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1910። እሱም ቢሆን ስሙን በአንድ ቃል አልቆረጠም፤ በጽሑፉ ርእስ ላይ «ኒውሮሳይቶማ ወይም ኒውሮብላስቶማ» ብሎ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧል። የጸናው ሁለተኛው ሆነ። ሦስት የግሪክ ቁራጮች አሉበት፦ ኔውሮን፣ ብላስቶስ፣ ኦማ። አንድ በአንድ እንፍታቸው።

ኔውሮን በጥንቱ ግሪክ ጅማት ነው፤ ኋላ ነርቭ ሆነ። የእኛው ግእዝም ከዚህ አይርቅም፤ «ሥርው» የሚለው ቃል ሥርንም፣ ጅማትንም፣ ነርቭንም ያቅፋል። ስለዚህ ሊቃውንት «ሥርው ይባል» ቢሉ አልተሳሳቱም። ነገር ግን ዛሬ በጎንደር በቀሐ መንደር ለሚኖር ሰው ሥር ማለት የዛፍ ሥር ወይም የደም ሥር ነው፤ ጅማት ደግሞ ወጌሻ የሚያሸው ነው። «ነርቭ» ከውጭ ቢመጣም አገር ለምዶታልና ይቆይ።

የተለመደ ቃል ግን የራሱን ትርጉም ይዞ ይመጣል። አንዲት የቀሐ እናት ልጇን አዝላ ከምርመራ ስትመለስ የሰጧትን ወረቀት እንዳነብላት ሰጠችኝና፣ «ጋሼ፣ የነርቭ ነው አሉኝ። ልጄ እኮ ገና ዓመት ከመንፈቁ ነው፤ ምን አሳስቦት ነው ነርቩን የሚታመመው?» አለችኝ። ጥያቄዋ ትክክል ነበር። በእኛ አነጋገር ነርቩን ታመመ የሚባለው በሐሳብ፣ በንዴት፣ በኑሮ ጭንቀት የተጎዳ ሰው ነው። «የነርቭ ካንሰር» የሚለው ትርጉም ስሕተት ባይኖርበትም የሰሚውን ልብ ወደ ሌላ በሽታ ይወስዳል። ነርቭ የሚለው ቃል ምን ዓይነት ነርቭ እንደሆነ የሚናገር ቅጽል ያሻዋል፤ ቅጽሉም ከሁለተኛው ቁራጭ ይገኛል።

ብላስቶስ በግሪክ የበቀለ፣ ያቆጠቆጠ ነገር ነው። ያለነው የአንድምታ ትርጓሜ በተደላደለባት በጎንደር ነውና እንደ ሊቃውንቱ «አንድም» እያልን እንየው። አንድም «ቡቃያ» ነው። ቃል በቃል ይኸው ነው፤ ቡቃያ ግን ለገበሬ የምሥራች ስለሆነ በበሽታ ላይ ሲለጠፍ ጆሮ ይቃወመዋል። አንድም «እንቡጥ» ነው፤ እሱም የአበባ ነውና በዚያው ይቀራል። አንድም ከግእዙ «ሠረጸ» ተወስዶ «ሠርጽ» ቢባል ጥሩ ግእዝ ነው፤ ነገር ግን በጎንደር ጉባኤ ቤቶች ሠረጸ ሲባል የሚነገረው ነገረ መለኮት ነው። ስለ መንፈስ ቅዱስ የሚነገር ቃል ለዕጢ አይሰጥም። አንድም «ለጋ» ነው፤ ለጋ ግን ትኩስና ለስላሳ ከማለት አልፎ መብሰል የነበረበት ነገር አለመብሰሉን አይናገርም።

አንድም «ጮርቃ» ነው፤ የእኔ ድምፅ ለዚህ ነው። የዳባት ወይም የደባርቅ ገበሬ የገብሱን ዛላ ፈልፍሎ ፍሬዋን በጥፍሩ ጫን ሲላት ነጭ ወተት ከወጣት «ገና ጮርቃ ነው» ይላል፤ ለእሸትም አልደረሰ ማለቱ ነው። በዚህ ቃል ውስጥ ጊዜ አለ፤ ሊበስል የሚገባው፣ ነገር ግን ያልበሰለ ነገር ማለት ነው። ያ ሕዋስ ደግሞ ልክ እንደዚያ ነው። የበሽታውን ጠባይም ቃሉ ይዞታል። 18 ወር ባልሞላቸው አንዳንድ ሕፃናት ዕጢው ያለ መድኃኒት ከስሞ ይጠፋል፤ በአንዳንዶቹ ከጊዜ በኋላ በስሎ ጉዳት ወደሌለው ዕጢ ይለወጣል፤ በሌሎቹ ግን ወደ አጥንት፣ ወደ መቅኒና ወደ ጉበት ይሠራጫል። ሐኪሞች ከከባዱ ሕክምና በኋላ ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነ መድኃኒት የሚሰጡትም የተረፉትን ሕዋሳት ለማብሰል ነው። «ጮርቃውን የሚያበስል መድኃኒት» የተባለች እናት ሌላ ማብራሪያ አትሻም።

ሦስተኛው ቁራጭ ኦማ ዕብጠት ነው። እዚህ ሦስት ቃላት ይፎካከራሉ። «ዕጢ» ጤነኛውንም በሽተኛውንም ይጠራል፤ አድሬናልም ዕጢ ነው፣ በላዩ የወጣውም ዕጢ ይባላል፤ የነገሩንም ክብደት ይደብቃል። «ነቀርሳ» ጥንታዊና ጠንካራ ቃል ነው፤ ነገር ግን ሳንባ ነቀርሳ በበዛበት አገር ብዙ ሰው ሲሰማው የሚያስበው ሳል ነው። ስለዚህ «ካንሰር» ይሁን። ሉኪሚያን «የደም ካንሰር» ብለን ማንም ሳይቸገር ተግባብተናል። በ1996 ዓ.ም. የተቋቋመው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲም ስሙን የወሰደው በደም ካንሰር ካረፈ ሕፃን ነው፤ ቃሉን ከቤት ቤት ካደረሱት አንዱም እሱ ነው።

እንግዲህ ሙሉ ስሙ «የጮርቃ ነርቭ ካንሰር»፣ ሲያጥር «ጮርቃ ነርቭ» ነው። ይህ አሰያየም ከአማርኛ ባሕርይ አይወጣም። ማጅራት ገትር፣ ጆሮ ደግፍ፣ መንጋጋ ቆልፍ ያሉት ሰዎች የሕክምና ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ሕመሙ የት እንዳለና ምን እንደሚያደርግ በሁለት ቃል ተናገሩ፣ ሐኪሙም ተቀበላቸው። ጥሩ ቃል ደግሞ ይወልዳል፤ ሄፓቶብላስቶማ የጮርቃ ጉበት ካንሰር፣ ኔፍሮብላስቶማ የጮርቃ ኩላሊት ካንሰር ይሆናል። «ጮርቃ የእህል ቃል ነው» የሚል ካለ «ሕዋስ»ን ይመልከት። ከአምስቱ የስሜት ሕዋሳት ተነሥቶ ዛሬ ተማሪ ሁሉ በማይክሮስኮፕ የሚያየው ነገር ስም ሆኗል።

አንድ ሌላ ቃልም መታረም አለበት። ሐኪሞች የልጁን ዕድሜ፣ የበሽታውን ሥርጭትና በዕጢው ውስጥ ኤን-ማይክ የሚባለው ዘረ መል መብዛት አለመብዛቱን አይተው በሽታውን ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ብለው ይከፍሉታል። ከፍተኛው ክፍል በወረቀት ላይ «ከፍተኛ ተጋላጭ» ተብሎ ሲተረጎም ይታያል። ተጋላጭ ግን ገና ሊይዘው የሚችል ማለት ነው፤ ይህ ልጅ ታሟል። «ከፍተኛ አደጋ» ቢባልም የመኪና ግጭት ይመስላል። ሊባል የሚገባው «ከፍተኛ ሥጋት» ነው፤ በሽታው መድኃኒቱን ይቋቋማል ወይም ይመለሳል ተብሎ የሚሠጋበት ማለት ነው። ተጋላጭነት የሚለው ቃል ወላጅንም ያለ ጥፋቱ ይከስሳል። እናት በእርግዝናዋ የበላችው ወይም የሠራችው ነገር ያመጣው አይደለም፤ አይተላለፍም፤ በዘር የሚወረሰውም ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው።

ክፍፍሉ የሚጠቅመው ሕክምናውን ስለሚወስን ነው። በዝቅተኛ ሥጋት ቀዶ ሕክምና ብቻ፣ አንዳንዴም ክትትል ብቻ ይበቃል፤ ከመቶ ከ90 በላይ ይድናሉ። በመካከለኛው ኬሞቴራፒ ይጨመራል። በከፍተኛው ኬሞቴራፒ፣ ቀዶ ሕክምና፣ የልጁን የራሱን ደም አምራች ሕዋሳት አስቀምጦ ከብርቱ መድኃኒት በኋላ መመለስ፣ ጨረርና እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ የተፈቀደው ዲኑቱክሲማብ የተባለ መድኃኒት አሉ። ይህ ሁሉ ተሟልቶ በበለጸጉት አገሮች የሚድኑት ግማሽ ያህሉ ናቸው። በእኛ አገር ጨረር ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ብቻ ይሰጥ ስለነበር የጎንደር ልጅ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዝ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 በጀመረው የሕፃናት ካንሰር ንቅናቄ አስቀድሞ ከመረጣቸው ስድስት ዓይነቶች ውስጥም ይህ በሽታ የለም። በመመሪያ ጎልቶ የማይጠራ በሽታ በቤተሰብ አፍ ሊጠራ የሚችል ስም ይበልጥ ያስፈልገዋል።

ስሙ የሚያስፈልገው ምልክቶቹም በእኛ አካባቢ በሌላ ስም ስለሚሸፈኑ ነው። ሆዱ ያበጠ ልጅ ሲታይ ወስፋት ነው፣ የወባ ጣፊያ ነው ይባላል፤ ከመተማና ከሁመራ በኩል ከመጣ ካላዛር ይጠረጠራል። እግሩን የሚያነክስ ልጅ ወለምታ ነው ተብሎ ወደ ወጌሻ ይወሰዳል። ሳይመታ የዐይኑ ዙሪያ የጠቆረ ልጅ ወድቆ ነው ይባላል። እናት ገላውን ስታጥብ በሆዱ ውስጥ ጠጣር ነገር በእጇ ከገጠማት፣ አጥንቱን እያመመው ማንከስ ካበዛ፣ የዐይኑ ዙሪያ ከጠቆረ ወይም ዐይኑ ከወጣ፣ እየገረጣና እየከሳ ከሄደ መታሸት የለበትም፤ ወደ ሕፃናት ሐኪም መሄድ አለበት።

ጎንደር እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ያስተማረች ከተማ ናት፤ የቅኔና የትርጓሜ መምህራኑም ከዩኒቨርሲቲው ደጅ ሩቅ አይደሉም። ሐኪሙ፣ የአማርኛ መምህሩና የግእዝ ሊቁ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የሕፃናት ካንሰር ቃላትን ቢወስኑ፣ በሕክምና ካርዱም ላይ «ኒውሮብላስቶማ፣ የጮርቃ ነርቭ ካንሰር» ተብሎ ሁለቱም ቢጻፉ ወጪው የብዕር ቀለም ነው። ከእኔ የተሻለ ስም ያለው ያምጣ። መመዘኛው ግን አንድ ይሁን፦ እናትየው ከሐኪም ወጥታ ቤቷ ስትገባ ልጇ ምን እንደያዘው፣ ሕክምናውንም ለምን ማቋረጥ እንደሌለበት ለባሏና ለአማቷ በራሷ አፍ መናገር ትችላለች ወይ? ይህን የሚያስችላት ቃል የእኛ ቃል ነው።