ደርግ የሚባለው ሰውዬ

መምህር በነበርኩበት ዘመን ከደብረ ወርቅ የመጣ አንድ ተማሪ ነበረኝ። ስለ ልጅነቱ ጽፎ ባመጣልኝ ወረቀት ላይ «ደርግ የሚባለውን ሰውዬ እፈራው ነበር» ይላል። አጎቱን ለብሔራዊ ውትድርና የወሰደው ደርግ ነው፤ እህላቸውን በኮታ ያስገባው ደርግ ነው። እቤት ውስጥ «ወሰደ»፣ «አስገባ» ሲባል እየሰማ ያደገ ልጅ አንድ ሰውዬ ነው ብሎ ቢያስብ ምን ይገርማል? እኔ ግን ስቄ በቀይ እስክሪብቶ «ደርግ ሰው አይደለም» ብዬ ጻፍኩበት።

ኋላ ሳስበው ልጁ ብዙም አልተሳሳተም። ደርግ የግእዝ ቃል ነው፤ ማኅበር፣ አንድነት እንደማለት። ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. ከየጦር ክፍሉ የተወከሉ ወታደሮች አራተኛ ክፍለ ጦር ተሰብስበው አስተባባሪ ደርግ አቋቋሙ። የአባላቱን ስም ለሕዝብ አልነገሩም። ቁጥራቸው እንኳ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ አንዱ 120፣ ሌላው 109፣ ሌላው 106 ይላል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳ የሚሆኑ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ሲረሸኑ የተወሰነባቸው እጅ በማውጣት ነበር። በማግስቱ አገሩ በሬዲዮ የሟቾቹን ስም ሰማ። እጃቸውን ያወጡትን ሰዎች ስም ግን ማንም አላነበበለትም። አፄ ኃይለ ሥላሴም በነሐሴ 1967 ዓ.ም. «በሕመም ሞቱ» ተባለ፤ አጽማቸው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ከመሬት ሥር የወጣው በ1984 ዓ.ም. ነው።

የተማሪዬ አገር ሰዎች እኮ ከዚያ ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ግራ መጋባት አልነበረባቸውም። በ1960 ዓ.ም. አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር እንቢ ብለው ሞጣና ቢቸና ሲያምፁ በማን ላይ እንደተነሡ ያውቁ ነበር፦ በጠቅላይ ግዛቱ ገዢ በደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ። ጦርና አውሮፕላን ተላከባቸው፤ ብዙ ተጎዱ። በመጨረሻ ግን ገዢው ተነሡ፤ ውዝፉም ግብር ቀረላቸው። ስም ያለው ገዢ ይከሰሳል፣ ይነሣል። ስም የሌለውን ወዴት ሄደው ይከሱታል?

ያ «ሰውዬ» ወደ ሰዎች የተፈታው ፍርድ ቤት ቀርቦ ነው። በ1987 ዓ.ም. የተጀመረው ችሎት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌሉበት፣ ሌሎችን ደግሞ በአካል፣ ስም በስም እየጠራ ጥፋተኛ አላቸው። እጅ ከወጣበት ሌሊት ወዲህ ሠላሳ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር።

የሰዋስው መምህር ሁሉ ተማሪውን መጀመሪያ የሚጠይቀው «የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማነው?» ብሎ ነው። እኛ ግን ዛሬም «ከበላይ አካል ታዝዞ ነው» ሲሉን ራሳችንን ነቅንቀን ወደ ቤታችን እንገባለን። ያንን ተማሪ ባገኘው ቀዩን ጽሑፌን ሰርዤ በምትኩ እንዲህ ብዬ እጽፍለት ነበር፦ «ጥሩ ነው። አሁን ባለቤቱን ፈልግ።»