የከበሮ መቺው ድርሻ

ከበሮ መቺ ከመድረኩ ጀርባ ይቀመጣል፤ የተመልካቹ ዓይን ግን በዘፋኙ ላይ ያርፋል። ታዲያ የድካሙ ዋጋ በምን ይለካል?

እ.ኤ.አ. በ1963 በማንቸስተር የተወለደው ማይክ ጆይስ፣ በ1982 ከ«ዘ ስሚዝስ» የሙዚቃ ጓድ ጋር ተሰለፈ። ጓዱ ከታላላቅ ኩባንያዎች ነፃ በሆነው «ራፍ ትሬድ» አሳታሚነት አራት የስቱዲዮ አልበሞች አበርክቶ በ1987 ተበተነ።

ከሸክላና ከመድረክ ገቢ ዘፋኙ ሞሪሲና ጊታር ተጫዋቹ ጆኒ ማር እያንዳንዳቸው 40 በመቶ ሲወስዱ፣ ለጆይስና ለቤዝ ጊታር ተጫዋቹ አንዲ ሩርክ በነፍስ ወከፍ የደረሳቸው 10 በመቶ ነበር። ሩርክ በ1989 በ83 ሺህ ፓውንድ ታረቀ፤ ጆይስ ግን ሙግቱን ቀጠለ። በ1996 ፍርድ ቤቱ፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ሸሪኮች ትርፍን እኩል ይካፈላሉ በሚለው የ1890 ሕግ መሠረት 25 በመቶ ፈረደለት፤ በ1998 ይግባኝ ሰሚው ችሎት አጸናው።

በወዳጅነት ዘመን ያልተጻፈ ውል፣ በጠብ ዘመን በዳኛ ብዕር ይጻፋል።