ትእምርትና ኃይሉ፤ ከሐውልቶች ታሪክ አንጻር ሲታይ

በስድስት ኪሎ ግቢ፣ የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረውና ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በሚገኝበት ሕንጻ ፊት ለፊት፣ ወደ የትም የማያደርስ አንድ ደረጃ ቆሟል። እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከጫፉ ላይ ግን በርም ሰገነትም የለም። ያሠሩት በወረራው ዘመን ቤተ መንግሥቱን ይዘው የነበሩት ጣሊያኖች ናቸው። እያንዳንዱ እርከን፣ ፋሽስቶች ወደ ሮም ከዘመቱበት ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ የተቆጠረ አንድ የአገዛዝ ዓመትን ይወክላል። አገዛዙ ዕድሜ ባገኘ ቁጥር እርከኑም እንዲጨምር ታስቦ ነበር ማለት ነው። ዛሬ በመጨረሻው እርከን ላይ አንድ ትንሽ የአንበሳ ምስል ተቀምጦ ይታያል። ይህ የይሁዳ አንበሳ ከነጻነት በኋላ የተጨመረ ነው።

በአጠገቡ የሚያልፍ ተማሪ አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይገባዋል። ጠላት ለራሱ ክብር ያቆመው ነገር ስለምን አልፈረሰም? ያ ትንሽ አንበሳስ ምን ሠራ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ መነሻ በማድረግ ትእምርት በሰው ልጅ ሕይወት ውስጥ ያለውን ትርጉምና ኃይል ከጥቂት ሐውልቶች ታሪክ አንጻር መመርመር ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። «ትእምርት» የግእዝ ቃል ሲሆን «ተአምር» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ሥር አለው። የሥሩ ፍቺ ማሳየት፣ ማመልከት ነው። ይሁን እንጂ የሚያመለክት ነገር ሁሉ ትእምርት አይደለም። ጭስ እሳት መኖሩን ያመለክታል፤ ይህን ለማወቅ ግን ማንም ከማንም ጋር መስማማት አያስፈልገውም። ትእምርት የሚቆመው በሰዎች መካከል ባለ ቃል ኪዳን ነው። ጨርቅ ሰንደቅ ዓላማ የሚሆነው፣ ድንጋይም ሐውልት የሚባለው፣ እንዲህ ነው ብለው የተቀበሉት ሰዎች እስካሉ ድረስ ነው። እንግዲህ የትእምርት ታሪክ የድንጋዩ ታሪክ ሳይሆን የቃል ኪዳኑ ታሪክ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን በግልጽ የሚያሳዩ ሁለት ሐውልቶች በ1923 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሙ። አንደኛው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ሲሆን፣ የተመረቀው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በጫኑበት በጥቅምት 23 ቀን ዋዜማ ነው። በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ንጉሠ ነገሥቱን በፈረስ ላይ እንዳሉ ያሳያል። ሁለተኛው በምድር ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳ ነው። ሁለቱንም የሠሯቸው የውጭ አገር ባለሙያዎች ናቸው። አንበሳው የፈረንሳዊ፣ የምኒልክ ሐውልት ደግሞ የጀርመናዊ እጅ ሥራ ነው። ይህ ለነገራችን ጠቃሚ ነው። ለሐውልቶቹ ትርጉም የሰጣቸው የቀራጮቹ እጅ ቢሆን ኖሮ የባዕድ አገር ጌጦች ሆነው በቀሩ ነበር። ሕዝቡ ግን በአንደኛው አድዋን፣ በሌላው የመንግሥቱን ቀጣይነት አነበበባቸው።

የትእምርትን ኃይል ከወዳጅ ይልቅ ጠላት ሳያሳየን አይቀርም። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን የያዘው የፋሽስት ጦር እነዚህን ሐውልቶች ችላ ብሎ ማለፍ አልቻለም። መንገዱ፣ ባቡሩ፣ ግምጃ ቤቱ በእጁ ነበር፤ ሆኖም ከነሐስ የተሠራ ፈረሰኛ አስጨነቀው። የምኒልክን ሐውልት ከመቆሚያው አንሥቶ ቀበረው። ሰው የሚቀብረው የሞተውን ነው፤ ይህ ግን ሕያው በመሆኑ ተቀበረ። ከነጻነት በኋላ ሐውልቱ ወጥቶ በቀድሞ ቦታው መቆሙ የድሉ አንድ ክፍል ሆኖ ተቆጠረ።

አንበሳው ግን አልተቀበረም፤ ወደ ሮም ተወሰደ። የቆመበትም ቦታ በጥንቃቄ የተመረጠ ነበር። ራስ አሉላ በ1879 ዓ.ም. በዶጋሊ ድል ላደረጓቸው 500 ያህል የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ በሆነው ሐውልት ሥር አቆሙት። የሚያስገርመው ግን ይህ የዶጋሊ መታሰቢያ ራሱ የግብፅ ሐውልት መሆኑ ነው። ዳግማዊ ራምሴስ ያሠራው፣ የጥንት ሮማውያን ከግብፅ ያመጡት፣ ኋላም ከሮም ከተማ ምድር ተቆፍሮ የወጣ ድንጋይ ነው። ስለዚህ በአንድ ስፍራ የፈርዖን ድንጋይ የጣሊያንን ሐዘን ተሸከመ፤ ከሥሩም የኢትዮጵያ አንበሳ የበቀል ማስረጃ ሆኖ ቆመ። አቁመው ያዘዙት ሰዎች ትርጉሙን ጨርሰን ጽፈነዋል ብለው ሳያስቡ አልቀሩም።

ነገር ግን ትእምርት ለባለቤቱ ብቻ አይናገርም። ዘርዓይ ደረስ የተባለው ኤርትራዊ ወጣት በዚያው ስፍራ ሰይፍ መዝዞ የተነሣውና የተያዘው በዚያ ዘመን ነው። በጣሊያን አገር እንደ ታሰረ በ1937 ዓ.ም. ሕይወቱ አለፈ። የታሪኩን ዝርዝር በተመለከተ የቃል ትረካውና የመዝገቡ ማስረጃ በሁሉም ነገር አይገጣጠሙም። ሆኖም ትረካው ራሱ የታሪክ ማስረጃ ነው። ሕዝብ በሮም አደባባይ የቆመውን አንበሳ የተሸነፈ እንስሳ አድርጎ ለማየት እንዳልፈቀደ ያሳያልና። አንበሳው ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ወደ አገሩ ሲመለስ የዘውድ ምልክት ብቻ አልነበረም፤ የዘርዓይ ስም አብሮት ነበር። በ1967 ዓ.ም. ዘውድ ሲወድቅ አንበሳውን ለማንሣት ሐሳብ ተነሥቶ እንደ ነበር፣ የተረፈውም የአርበኞች ትዝታ ስለ ተማለደለት እንደ ሆነ ይነገራል። የመጀመሪያው ቃል ኪዳን ሲፈርስ ሁለተኛው አቆመው ማለት ነው።

የአክሱም ሐውልት ታሪክ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምረናል። 24 ሜትር ያህል የሚረዝመው ይህ ድንጋይ ከ1,600 ዓመት በፊት ለነገሥታት መቃብር የቆመ፣ በርና መስኮት የተቀረጸበት፣ ፎቅ ቤት የሚመስል ነው። ጣሊያኖች ሲያገኙት ግን ከወደቀ ብዙ ዘመን ሆኖት፣ ተሰባብሮ በምድር ላይ ተጋድሞ ነበር። ቁርጥራጩን እስከ ምጽዋ አውርደው በመርከብ ወሰዱት፤ የመርከቡም ስም «አድዋ» ነበር። በሮም ያስመረቁት ጥቅምት 18 ቀን 1930 ዓ.ም. ነው። ይህም ፋሽስቶች ወደ ሮም የዘመቱበት 15ኛ ዓመት መሆኑ ነው። የስድስት ኪሎው ደረጃና የአክሱም ሐውልት እንግዲህ በአንድ ካሌንደር ተቆጠሩ፤ አንደኛውን ለዚያ ቀን ሠሩት፣ ሌላውን ለዚያ ቀን ሰረቁት።

በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን የዘረፈችውን ቅርስ በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ተስማማች። ሐውልቱ ግን ሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም እስኪገባ ድረስ ከ55 ዓመት በላይ ፈጀ። በቦታው ዳግም ቆሞ የተመረቀው ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው። ከመሰረቁ በፊት ከአክሱም ውጭ ስለዚህ የወደቀ ድንጋይ የሚያስብ ብዙ አልነበረም ቢባል ስሕተት አይሆንም። ከተሰረቀ በኋላ ግን አክሱምን አይቶ የማያውቅ ሁሉ ይመለስልን አለ። ሌባው የወሰደው ድንጋይ ነበር፤ የመለሰው ግን የአገር ትእምርት ሆኖ ነው።

ከዚህ ሁሉ ትእምርት ምንጊዜም ሰውን አንድ ያደርጋል ብሎ መደምደም አይቻልም። በደርግ ዘመን በአዲስ አበባ የቆመው የሌኒን ሐውልት በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደቀ። የቆመው በትእዛዝ እንጂ በቃል ኪዳን ስላልነበር የሚቀብረውና የሚሸሽገው ወዳጅ አላገኘም። ቃል ኪዳን ያለውም ቢሆን ለሁሉም አንድ ቃል አይናገርም። የምኒልክን ሐውልት አንዱ ሲያይ የአድዋን ድል ያስታውሳል፤ ሌላው የዘመቻውን ዘመን፣ ያጣውን መሬትና ወገን ያስታውሳል። በ2006 ዓ.ም. በአርሲ የቆመው የአኖሌ ሐውልትም አንዱ ወገን ሰቆቃዬ ተሰማ ያለበት፣ ሌላው ደግሞ ቂም ተተከለ ያለበት ነው። የታሪክ ጸሐፊ ይህን ልዩነት መሸፈን አይገባውም። ነሐሱ አንድ ነው፤ ቃል ኪዳኑ ግን ገና አልተጠናቀቀም።

ታዲያ ያልተስማማንባቸውን ትእምርቶች ምን እናድርጋቸው? የታሪካችን አንዱ መልስ መቅበር ነው፤ ይህን ፋሽስቶች ሞክረውታል፣ የተቀበረውም ተመልሶ ወጥቷል። ሌላው መልስ ከስድስት ኪሎው ደረጃ ላይ ይገኛል። ደረጃውን ያላፈረሱት ሰዎች ጠላት የጀመረውን ዐረፍተ ነገር አልሰረዙትም፤ ከመጨረሻው ቃል በኋላ የራሳቸውን ቃል ጨመሩበት። ዛሬ ያንን ደረጃ የሚያይ ሰው ሁለቱንም ያነባል፤ ለዘለዓለም ሊቆጥር የተነሣውን አገዛዝና ቆጠራው የት ላይ እንደ ቆመ። አንበሳው ትንሽ ነው፤ ከሩቅ ለሚያይ አይታይም። ይሁን እንጂ ትርጉሙን ለመለወጥ ያን ያህል በቅቶታል።